የቡሄ ጅራፍ የሚጮኸው ምኑ ነው?

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» የሚባለው በድሎ ለሚከስ ሰው ነው። በቡሄ ጅራፍ ላይ ግን ተረቱ አይሠራም። ነሐሴ ሲገባ በደብረ ታቦርና በፋርታ ሜዳዎች የሚያስተጋባው ጩኸት የሚወጣው ጅራፉ ማንንም ሳይገርፍ፣ አየር ላይ ነው።

ምስጢሩ አገማመዱ ላይ ነው። ጅራፍ ከልጥ ወይም ከቃጫ ይገመዳል፤ በእጅ የሚያዘው በኩል ወፍራም ሆኖ እየቀጠነ ይሄድና ጫፉ ክር ያህል ይቀራል። ልጁ ከራሱ በላይ አዙሮ ድንገት ሲመልሰው ገመዱ ላይ እጥፋት ይፈጠራል፤ እጥፋቱም ወደ ጫፉ ይሮጣል። ከክንዱ የወጣው ጉልበት ወደፊት የሚያገኘው ገመድ እየቀለለ ስለሚመጣ ፍጥነቱ ይጨምራል፣ ይጨምራል፣ በመጨረሻም ድምፅን ይቀድማል። አየሩ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል፣ ማለትም በሰዓት ከ1,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። ከዚህ የፈጠነ ነገር ፊቱ ያለውን አየር ለመሸሽ ፋታ አይሰጠውም። የታመቀው አየር በሞገድ መልክ ተስፋፍቶ ጆሯችን ሲደርስ «ጧ!» ይላል። የጦር ጄት ከድምፅ ፈጥኖ ሲያልፍ የሚሰማው ፍንዳታም ከዚሁ ይመጣል። ሰው በአውሮፕላን ከድምፅ መፍጠኑ የተመዘገበው በ1947 እ.ኤ.አ. ነው፤ እረኞቻችን ግን ቀድመው የጅራፋቸውን ጫፍ ከድምፅ አሳልፈውት ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሃይማኖታዊው ትርጓሜ ሌላ ነው። ቡሄ የሚከበርበት ነሐሴ 13 የደብረ ታቦር በዓል ነው፤ የጅራፉ ጩኸት በታቦር ተራራ የተሰማው የአብ ድምፅ፣ በዕለቱ የሚበራው ችቦ ደግሞ በዚያ የታየው ብርሃን ምሳሌ ነው ይባላል።

የልጅነት መጫወቻን መናፈቅ በሌላም አገር አለ። አሜሪካ ውስጥ ኤስተስ የሚባል ኩባንያ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጀምሮ ከካርቶን ቱቦና ከቀላል እንጨት ተገጣጥመው በባሩድ የሚወነጨፉ ትንንሽ ሮኬቶችን ይሸጣል። ያኔ ልጆች የነበሩት ዛሬ ሸብተው፣ መሠራቱ የቀረውን ሞዴል ይናፍቃሉ፤ የድሮውን ንድፍ አፈላልገውም እንደ አዲስ ይሠሩታል። ከእነዚያ ሮኬቶች አብዛኞቹ ከድምፅ ፍጥነት በታች ነው የሚበሩት። የፋርታ ልጅ ጅራፍ ይበልጣቸዋል።

ናፍቆቱ እኛም ጋ አለ፣ ግን የእኛ ይከብዳል። ጅራፍን መሥራት ያቆመ ፋብሪካ የለም፤ የሚፈለግ ንድፍም የለም። ልጡ ስንት ፈትል እንደሚሆን፣ ከየት ጀምሮ እንደሚቀጥን ታናሽ ከታላቁ እጅ እያየ ነው የሚማረው። ያ አይቶ መማር ከተቋረጠ የሚገለጥ ወረቀት አይኖርም። ከተማ ውስጥ ማዞሪያ ሜዳው ጠበበ፤ ርችት ደግሞ ከሱቅ ይገዛል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ርችት የጅራፍ ምትክ አይደለም፤ ክብሪት ለጫረ ሁሉ ይጮኻል፣ ጣትም ያቃጥላል። ጅራፍ ለሰነፍ አይጮኽም።

መግመድ የምታውቁ፣ ለዘንድሮው ቡሄ አንድ ልጅ አጠገባችሁ አስቀምጡና ገምዱ። ሲያጮህ ግን በዙሪያው የጅራፉን ርዝመት እጥፍ የሚያህል ባዶ ቦታ ይኑር፤ ከድምፅ የሚፈጥን ጫፍ ዓይን ካገኘ ያጠፋል።