በጠበሉ ደጅ የቆሙት ሐኪም

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ከቤተ ሰብ አንዱ አእምሮውን ሲታመም የመጀመሪያው ጉዞ ወደ ጠበል እንጂ ወደ ሐኪም ቤት አለመሆኑን አንባብያን ሁሉ ያውቁታል። ይህም የሚያሳፍር ነገር አይደለም፤ ከአባቶቻችን የተቀበልነው መንገድ ነውና። የሚያሳዝነው ግን ጠበሉና ሐኪም ቤቱ እንደ ሁለት ባላጋራዎች እየተቈጠሩ፥ በመካከላቸው በሽተኛው በጓዳ ታስሮ መቅረቱ ነው። ስለዚህ ከስድሳ ዓመት ገደማ በፊት ወደ ጠበሉ ደጅ ለመማር የሄዱትን የአእምሮ ሐኪምና ተመራማሪ፥ ሮበርት ጊልን፥ በዚህ ወር ልናስታውሳቸው ወደድን። ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እንጽፋለን።

ዶክተር ጊል ሆላንዳዊ ሲሆኑ በ1960ዎቹ ዓመታት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ይሠሩ ነበር። በዚያን ዘመን ለወሎ ሰው ቅርብ የሚባለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ነበር፤ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የሚጮኽና የሚታገል በሽተኛ ይዞ ይህን ያህል መንገድ በአውቶቡስ መሄድ ምን እንደሆነ ያየ ያውቀዋል። ዶክተሩ ግን በሽተኛ እስኪመጣላቸው ተቀምጠው አልጠበቁም። ከቫን ሉይክና ከዮሴፍ ገዛኸኝ ጋር ሆነው፥ ያን ጊዜ ጊዮን ትባል ወደነበረችው ወደ ወሊሶ ሄደው፥ በእምነት ስለሚገኘው ፈውስና መንፈስ ስላደረባቸው ሰዎች አጠኑ። ጥናታቸውም በ1968 ታተመ። የባዕድ አገር ሊቅ የእኛን ሥርዓት ሳይንቅ በምርምር ዓይን ማየቱ፥ በጽሑፉም ራስ ላይ የኢትዮጵያዊው ስም ከሁለቱ ጋር መቀመጡ፥ በዕውነቱ ደስ ያሰኘናል።

በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ጊልና ቫን ሉይክ በአንዲት ትንሽ የኢትዮጵያ ከተማ ስላለው የአእምሮ ሕመም የጻፉት በእንግሊዞች የአእምሮ ሕክምና መጽሔት ወጣ። በከተማም በገጠርም ከ100 ሰው 9 ያህሉ የአእምሮ ችግር ያለበት ሆኖ አገኙት። የአእምሮ ሕመም የሥልጣኔ በሽታ ነው፥ አፍሪካዊውን ብዙ አይነካውም የሚሉ ሰዎች ባልጠፉበት ዘመን ይህ ቀላል ቃል አልነበረም። ጊል ወደ አገራቸው ተመልሰው በግሮኒንገን ፕሮፌሰር ከሆኑም በኋላ ነገሩን አልተዉትም። በ1976 ሃርዲንግ ከሚባሉት ባልንጀራቸው ጋር፥ ልዩ ሐኪም በማይገኝበት አገር ተራው የጤና ሠራተኛ ዋና ዋናዎቹን የአእምሮ ሕመሞች እንዲያክም መሠልጠን አለበት ብለው ጻፉ። በአገራችንም በ1980ዎቹ የአእምሮ ሕክምና ነርሶች በአማኑኤል እየተማሩ ወደ ክፍላተ ሀገር መላክ ጀመሩ።

ከእርሳቸው በኋላ ሥራውን ያሰፉት የገዛ ልጆቻችን ናቸው። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም በ1997 በስዊድን አገር በኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን ያቀረቡት በኢትዮጵያ ገጠር ስላለው የአእምሮ ጤና ነው። ከዚያም እርሳቸውና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆናቸውን 68,378 ሰዎች አስጠየቁ። ስኪዞፍሬንያ የተባለው ጽኑ ሕመም ያለባቸው 321 ተገኙ፤ ከእነርሱም ከ100 ወደ 90 የሚጠጉት ዘመናዊ መድኃኒት ቀምሰው አያውቁም ነበር። ጽኑ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው 919 ሰዎች ለ10 ዓመት ሲጠበቁ 121 ሞቱ። የሞቱትም ዕድሜያቸው ሠላሳ ዓመት ያህል ተቀንሶ ነው፤ ግማሽ ያህሉን የገደላቸውም ተላላፊ በሽታ ነው። እብድ ተብሎ የተተወ ሰው ሲያስለውና ሲያተኵሰው የሚያስታምመው እንደሌለ ይህ ቍጥር ይመሰክርብናል።

እንዲህ ያለው ሥራ ያለ መጽሔት አዘጋጅ ደክሞ ይቀራል። የድጓ መምህር ተማሪው የሳተውን ምልክት ሳያልፍ እንደሚያርም፥ አዘጋጁም የሌላውን ጽሑፍ መስመር በመስመር ይመረምራል፤ ምስጋናውን ግን የሚወስደው ጸሐፊው ነው። በ1999 አንድ የስካንዲናቪያ የአእምሮ ሕክምና መጽሔት ተጨማሪ እትሙን ለኢትዮጵያ ጥናቶች በመስጠቱ ነው ቡታጅራን የሩቅ አገር ሐኪም ሁሉ ያወቃት።

የጠበሉም ነገር አልተረሳም። በ2021 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ በጠበል ስፍራ ካህናትና የአእምሮ ሐኪሞች ተባብረው በሽተኞችን እንደረዱ ይገልጻል።

በኮምቦልቻም የምናውቃት አንዲት እናት አለች። ልጇን እኛው አስተምረነዋል፤ ሒሳብ የሚወድ፥ ዝምተኛ ልጅ ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርስ ማንም ለማይሰማው ድምፅ መልስ ይሰጥ ጀመር። ከሐኪም ቤት የተሰጠውን እንክብል ጥላ ጠበል ወሰደችው። የሚያጠምቁት ካህን ግን ነገሩን በሰሙ ጊዜ፥

«ልጄ፥ መድኃኒቱን ለምን ጣልሽው?» አሏት።

«አባ፥ እምነቴ የጎደለ እንዳይመስልብኝ ፈርቼ ነው።»

«ሐኪሙንስ ማን ፈጠረው? ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ሐኪም የተናገረውን ሳትሰሚ ቀርተሽ ነው? ጠዋት ይጠመቅ፤ እንክብሉንም ባዘዙለት ሰዓት ይዋጥ።»

ልጁ እንዲሁ እያደረገ ከረመ፤ ድምፁ ጨርሶ ባይተወውም ገበያ ወጥቶ ለእናቱ መላላክ ቻለ። ካህኑ የሰሩትን ሥራ በትምህርት ቤታችን ብዙ የተማርን ሰዎች ሳንሠራው መቅረታችንን እዚህ ላይ መናገር ይገባል።

በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ደርሶ የደሴ ሆስፒታል በተዘረፈ ጊዜ የልጁም መድኃኒት አለቀ። እናቲቱ ግን ባዶውን እሽግ አልጣለችውም። ሐኪም የተገኘ ዕለት የመድኃኒቱን ስም አንብቦ እንዲያዝላት በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ያዘችው። መንገዱ ሲከፈትም ልጇን አስከትላ፥ እርሱኑ ይዛ ደሴ ወጣች።