የወተት ማኅበርና የፊደል ዕውቀት

በ1870ዎቹ ዓመታት (አቈጣጠሩ ኹሉ እንደ ፈረንጆች ነው) ከአሜሪካና ከሩሲያ በብዛት የሚመጣው እህል የገበያውን ዋጋ ስለ ጣለው፤ የዴንማርክ ገበሬዎች እህል ሸጦ መኖርን እየተዉ ወደ ላምና ወደ ቅቤ ዞሩ። ነገር ግን ጥቂት ላም ብቻ ያለው ሰው በቤቱ የሚንጠው ቅቤ አንዱ ካንዱ የማይመሳሰል ስለ ኾነ፤ የእንግሊዝ ነጋዴ ከባለርስቶቹ ቅቤ ጋራ በእኩል ዋጋ አይገዛውም ነበር። የስዊድን ሰው ጉስታፍ ደ ላቫል በ1878 ዓመት ስልባቦትን ከወተት የሚለይ መኪና ቢሠራም፤ ዋጋው ለአንድ ድኻ ገበሬ የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ በ1882 ዓመት በምዕራብ ዩትላንድ፤ ዬዲንግ በተባለች መንደር ያሉ ገበሬዎች በአንድነት ተዋውለው የመዠመሪያውን የማኅበር ወተት ቤት አቆሙ። በ1900 ዓመት የእንዲህ ያሉ ማኅበራት ቍጥር ወደ 1000 ተጠግቶ ነበር።

እንዲህ ያለ ማኅበር በሌላ ስፍራ ሳይቈይ ሲፈርስ በዚያ የጸናው ስለ ምን ይኾን? ብዙ ሰዎች ምስጋናውን የሚሰጡት በቄስ ግሩንትቪግ አሳብ መሠረት በ1844 ዓመት በሮዲንግ ለተዠመሩት የሕዝብ ትምህርት ቤቶች ነው። እነዚህ ግን የገበሬውን ጐልማሳ ልጅ በብርዱ ወራት ሰብስበው ታሪክንና ዝማሬን፤ የአገሩንም ቋንቋ ያስተምሩ ነበር እንጂ ቅቤ ማውጣትን አይደለም። ላምፔና ሻርፕ የተባሉ የታሪክ ሊቃውንት ደግሞ በ2018 ዓመት ባወጡት መጽሐፍ፤ ታላላቆቹ ባለርስቶች አስቀድመው የወተታቸውን ሒሳብ በመዝገብ ይይዙ እንደ ነበረና ልማዱ ከእነርሱ እንደ ወረደ ገልጸዋል። ኹለቱም እውነትነት አለው፤ ከኹለቱም በፊት ግን ልጆች ኹሉ እንዲማሩ ያዘዘው የ1814 ዓመት ሕግ ነበረ። ስለዚህ በ1882 ዓመት ወተቱን ወደ ማኅበሩ ያመጣ ገበሬ ሒሳቡን ራሱ ያነብ ነበር።

የዚህም ጥቅም በክፍያው ታየ። ወተት በክብደቱ ብቻ ሲከፈል ወፍራሙን ያመጣና ቀጭኑን ያመጣ እኩል ይቀበላሉ። በኋላ ክፍያው በቅባቱ መጠን ሲኾን ፍርዱ ተስተካከለ፤ ሒሳቡ ግን ከበደ። ማንበብና ማባዛት የማይችል ሰው እንዲህ ያለውን ክፍያ እንዴት ያምናል?

በኢትዮጵያ የወተት ማኅበር የሚያቋቍም የወረዳ ሹም ይህን በዐቢይ ጾም ያየዋል። ጾመኛው ወተት ስለማይጠጣ ፈላጊው ያንሳል፤ የተረፈው ወደ ቅቤና ወደ ዐይብ ይዞራል፤ ለገበሬውም የሚደርሰው ገንዘብ ይቀንሳል። መዝገብ የሚያነብ አባል የተሸጠውንና የተረፈውን ሊትር አይቶ ምክንያቱን ያውቃል። የማያነበው ግን ጸሐፊው የበላበት ይመስለውና በማግሥቱ ወተቱን ለመንገድ ነጋዴ ይሰጣል። ዐሥር ሰዎች እንዲህ ሲወጡ የቤቱ ኪራይና የማቀዝቀዣው ወጪ በቀሩት ላይ ይከብዳል፤ ሌሎችም ይከተላሉ። ጸሐፊው ምንም ንጹሕና የተማረ ቢኾን፤ እርሱ ብቻውን መማሩ ማኅበሩን አያድነውም።

ለዕቃ መግዣ ከሚመደበው ገንዘብ ጥቂቱ ለማታ ትምህርት ቢውል ወጪው ብዙ አይደለም። ትምህርቱም ከአባሉ ከራሱ ደረሰኝ ቢዠምር ይቀላል፤ ይኸውም ቀኑን፤ ሊትሩን፤ ዋጋውንና የተቀነሰውን ማንበብ ነው። በመዝገብ የተጻፈው ስም የባልዮው ቢኾንም፤ ማለዳ ወተቱን ተሸክማ የምትመጣው ብዙ ጊዜ ሚስቲቱ ናት፤ ስለዚህ ለትምህርቱ የሚጠራው ወተቱን የሚያስለካው ሰው ቢኾን ይሻላል።