የቆየ ጠጅ እንዴት ይመዘናል?



ስለ ቀይ ወይን አቀማመስ ብዙ ተጽፏል። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው የማር አገር ግን ወዳጆች ተሰብስበው ደኅናውን ከመናኛው የሚለዩት ጠጅን ነው። መመዘኛው ምን ሊሆን ይገባል?

ጠጅ የሚጣለው ከማር፣ ከውኃና ከጌሾ ነው። እርሾው የማሩን ስኳር ወደ አልኮል ስለሚለውጠው፣ ጠጁ በቆየ መጠን ጣፋጭነቱ ይቀንሳል፤ ጥንካሬው ይጨምራል። ጠጅ ቤቶች «ለስላሳ»፣ «መካከለኛ» እና «ደረቅ» ብለው የሚለዩት ይህንኑ ነው። ለቀይ ወይን የፍሬው ልጣጭ የሚሰጠውን ምሬት ለጠጅ የሚሰጠው ጌሾ ነው።

ብርሌው ሲቀርብ አስቀድሞ መልኩን በብርሃን ማየት፣ ቀጥሎ ማሽተት፣ በመጨረሻም ጥቂት ተጎንጭቶ በአፍ ማቆየት ይገባል። በኅዳር የሚቆረጠው የአደይ አበባ ማርና በክረምት መግቢያ የሚቆረጠው የብሳና ማር መዓዛቸው አንድ አይደለም። ከተዋጠ በኋላ የማሩ መዓዛ በአፍ ውስጥ ከሰነበተ፣ ጣፋጭነቱ ቢጠፋም ጠጁ በስሏል። ሽታው እንደ ኮምጣጤ አፍንጫን የሚወጋ ከሆነ ግን አየር ገብቶት አልኮሉ ወደ አሴቲክ አሲድ ተለውጧል፤ ይህ መብሰል ሳይሆን መበላሸት ነው።

ልዩነቱ የቀማሾች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጣፋጭነትን ብቻ የሚመዝን ጠጪ በማር ፋንታ ስኳር ለሚጨምር ነጋዴ ይመቻል። ስኳር ጣፋጭነትንም አልኮልንም ይሰጣል፤ የአበባ መዓዛ ግን አይሰጥም። መዓዛን የሚጠይቅ ጠጪ ሲበዛ ንጹሕ ማር ተፈላጊ ይሆናል፤ ቀፎ የሰቀለው ገበሬም የድካሙን ዋጋ ያገኛል።