አንድ ወንበር ያጎደለ ገለባ

በ2017 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው) በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ የኖርዘምበርላንድ ካውንቲ ምክር ቤት ምርጫ ሲቆጠር፣ የሳውዝ ብላይዝ ምርጫ ክልል ውጤት አልለይ አለ። የሊበራል ዴሞክራት ዕጩዋ ሌስሊ ሪከርቢ 356 ድምፅ፣ የኮንሰርቫቲቩ ዳንኤል ካርም 356። ወረቀቱ እንደገና ተቆጠረ፤ አሁንም እኩል። በመጨረሻ ነገሩ በገለባ ዕጣ ተለየ፤ ረጅሙ ለሪከርቢ ወጣ። 67 መቀመጫ ያለውን ምክር ቤት ብቻውን ለመምራት አንድ ፓርቲ 34 ያስፈልገዋል። ኮንሰርቫቲቭ በ33 ቀረ፤ ካውንቲውንም ያለ አብላጫ ለመምራት ተገደደ።

የብዙ ሺህ ሰው ጉዳይ በገለባ መወሰኑ ያስቆጣቸው ጥቂት አልነበሩም። የእንግሊዝ ሕግ ግን በዚህ ላይ አያሻማም፦ ሁለት ዕጩዎች እኩል ድምፅ ካገኙ ምርጫ አስፈጻሚው እዚያው ዕጣ ያወጣል፤ ዕጣው የደረሰው አንድ ድምፅ እንደተጨመረለት ይቆጠራል። ሳንቲም ይጣል፣ ብጣሽ ወረቀት ይውጣ፣ ገለባ ይመዘዝ፣ ሕጉ አይደነግግም። ምርጫው አይደገምም።

በእኔ እምነት ሕጉ ትክክል ነው። ምርጫው ቢደገም ገንዘብና ቀስቃሽ የተረፈው ፓርቲ ያን አንዱን ክልል ያጥለቀልቀዋል። ዕጣ ግን ለማንም አያዳላም። ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው ውጤቱ እዚያ ድረስ እንዴት እንደጠበበ ነው። በካውንቲው አንድ ክልል በአማካይ ከ3,000 በላይ መራጭ አለው፤ 356 ድምፅ ከዚያ ላይ ስንት እንደሆነ አንባቢ ያስላው። እንደ እኛ አገር ሁሉ እዚያም ከተወዳዳሪዎቹ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል፤ ከግማሽ በላይ ማግኘት አይጠበቅበትም። ድምፁ ለሦስት ለአራት ፓርቲ ሲከፋፈል የማሸነፊያው ልክ ይወርዳል፤ ትንሽ ቁጥርም ትልቅ ነገር ይወስናል።

ክልሉ በሚገኝባት በብላይዝ ውጤት ሲጠብ ይህ የመጀመሪያው አልነበረም። በሰሜን ባሕር ዳር ያለች፣ በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዓመት ሚሊዮኖች ቶን ድንጋይ ከሰል ትልክ የነበረች የወደብ ከተማ ናት፤ የሌበር ፓርቲ ምሽግ ትባል ነበር። በ1974 ግን የፓርላማ አባሏ ኤዲ ሚልን፣ በአካባቢው ሌበር ውስጥ ሙስና አለ ብሎ በመጮሁ ከፓርቲው ጋር ተቃቅሮ ዕጩነቱን ተነጠቀ። በየካቲቱ ምርጫ በግሉ ቆሞ የገዛ ፓርቲውን ዕጩ አሸነፈ። በዚያው ዓመት ጥቅምት በተደረገው ምርጫ ደግሞ በ78 ድምፅ ብቻ ተሸነፈ። የመጨረሻው የከሰል ጉድጓዷ ቤትስ በ1986 ተዘጋ፤ በማግስቱ ዓመት የቀድሞው ማዕድን ቆፋሪ ሮኒ ካምቤል ለሌበር የፓርላማ መቀመጫውን ያቆየው በ853 ድምፅ ነበር። በ2019 ኮንሰርቫቲቮች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወስዱትም ልዩነቱ 712 ነበር።

እንዲህ ባለ ቦታ የድምፅ ቆጠራ ጠረጴዛው ላይ እያንዳንዷ ወረቀት ክብደት አላት። መራጩ የኤክስ ምልክት እንዲያደርግ ይነገረዋል፤ የራይት ምልክት ቢያደርግ ግን ሐሳቡ ግልጽ እስከሆነ ድረስ ድምፁ ይቆጠራል። ሁለት ስም ላይ ምልክት ካደረገ ወይም ፊርማውን ካኖረ ይወድቃል። በድጋሚ ቆጠራ የዕጩ ወኪሎች ጎንበስ ብለው የሚያዩት እነዚህን አጠራጣሪ ወረቀቶች ነው።

ወደ ካውንቲው ምክር ቤት ስንመለስ፣ በ2025 የምርጫ ክልሎቹ ወሰን ተከልሶ መቀመጫው 69 ሆነ። ኮንሰርቫቲቭ 26፣ ለካውንቲው አዲስ ኃይል የሆነው ሪፎርም 23 አገኙ፤ ለአብላጫ የሚያስፈልገው 35 ነበር።