ከመርካቶ የሚሸመተው ትንሹ የባትሪ ድንጋይ ለሕፃናት ያለው አደጋ

በአዲስ ከተማ የሚገኘው መርካቶ የአዲስ አበባ ነዋሪ ብቻ ገበያ እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ከየተራው የተሸመተው ዕቃ በአውቶቡስና በጭነት መኪና ወደ ወረዳ ከተሞች ይሄዳል፤ በገበያ ቀንም በአህያና በትከሻ ወደ ገበሬው ቤት ይገባል። ከዚህም ዕቃ መካከል በመጠኑ ትንሽ፣ በጉዳቱ ግን ከባድ የሆነ አንድ ነገር አለ። ይኸውም የሰዓት ድንጋይ እየተባለ የሚጠራው ክብና ጠፍጣፋ የባትሪ ድንጋይ ነው።

የገጠሩ ሕዝብ ከቀድሞ ጀምሮ የሚያውቀው ትልቁን የባትሪና የራዲዮ ድንጋይ ነው። ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ በጥርስም ይነከሳል፤ ጨርሶ ሲያልቅ ለልጆች መጫወቻ ይሆናል። ልማዱ ጥሩ ባይሆንም፣ ድንጋዩ ትልቅ ስለሆነ ሕፃን ሊውጠው አይችልም። የሰዓት ድንጋይ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በአሻንጉሊት፣ በቁልፍ መያዣ መብራት፣ በሪሞት ኮንትሮልና በትንንሽ ሚዛን ውስጥ ይገኛል። ከሁሉም አስጊ የሆነው 20 ሚሊ ሜትር ስፋትና 3 ቮልት ኃይል ያለው ባለ ሊቲየሙ ድንጋይ ነው።

ጉዳቱ እንዴት ይደርሳል?

ሕፃኑ ድንጋዩን ሲውጥ በምግብ መውረጃው ላይ ሊሰካ ይችላል። እርጥበት ሲያገኝ ኮረንቲው ይዘዋወርና በድንጋዩ ዙሪያ እንደ ኮስቲክ ሶዳ የሚያቃጥል ነገር ይፈጠራል። ስለዚህ ድንጋዩ ባይፈስም ያቃጥላል። በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ከባድ ቁስል ሊያደርስ፣ ውሎ ሲያድርም ሥጋውን በስቶ እስከ ትልቁ የደም ሥር ሊዘልቅ ይችላል። መብራት ማብራት ያቃተው ድንጋይም ለማቃጠል የሚበቃ ኃይል ይተርፈዋል።

ምልክቱ ማሳል፣ ምራቅ ማዝረብረብ፣ ማስመለስና ምግብ እምቢ ማለት በመሆኑ ከጉንፋን ጋር ይምታታል። አንዳንድ ጊዜም ምንም ምልክት አይታይም። በመሆኑም አንድ ድንጋይ ከጠፋና ሕፃኑ ከተጠረጠረ፣ ምልክት እስኪታይ መጠበቅ አይገባም።

ምን ይደረግ?

ሕፃኑን ለማስመለስ መሞከር ወይም ምግብ መስጠት ክልክል ነው። ራጅ ማንሻና ድንጋዩን በመሣሪያ ማውጣት የሚችል ሐኪም ወዳለበት ሆስፒታል በፍጥነት መውሰድ ያስፈልጋል። ድንጋዩ በራጅ ላይ ሳንቲም ሊመስል ስለሚችል፣ የተዋጠው የባትሪ ድንጋይ ሊሆን እንደሚችል ለሐኪሙ መንገር ይገባል።

እዚህ ላይ በየቤቱ ያለው ማር ይረዳል። በ2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ሐኪሞች በእንስሳት ላይ አድርገው ባወጡት ጥናት፣ ማር ቃጠሎውን እንደሚያዘገይ ታውቋል። ዕድሜው ከ1 ዓመት በላይ ለሆነና መዋጥ ለሚችል ልጅ፣ ድንጋዩ ከተዋጠ 12 ሰዓት ካላለፈ፣ በየ10 ደቂቃው ሁለት የሻይ ማንኪያ እስከ 6 ጊዜ ይሰጠዋል። ይህም በጉዞ ላይ የሚደረግ እንጂ ጉዞውን የሚተካ አይደለም። ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር አይሰጥም። ድንጋዩ በአፍንጫ ወይም በጆሮ ከገባም ዘይትም ሆነ ውሃ ሳይጨመርበት በአስቸኳይ መውጣት አለበት።

የማኅበራት መሪዎች ድርሻ

በአሜሪካ የቴክሳስ ግዛት ሪስ የተባለች የ18 ወር ሕፃን የሰዓት ድንጋይ ውጣ በ2020 እ.ኤ.አ. ሞታለች። በ2022 በስሟ የተሰየመ ሕግ ወጥቶ የድንጋዩ ማኖሪያ ለሕፃን እጅ በቀላሉ እንዳይከፈት አስገድዷል። አውስትራሊያም በዚያው ዓመት ተመሳሳይ ደንብ ሥራ ላይ አውላለች። የእኛ ገበሬ ግን ዕቃውን ሲገዛ ራሱ መርምሮ መምረጥ ይኖርበታል።

ሆስፒታሉ የግማሽ ቀን መንገድ ለሆነበት ቀበሌ 2 ሰዓት አጭር ጊዜ ነው። ስለዚህ ዋናው መከላከያ አስቀድሞ የሚደረገው ጥንቃቄ ነው። መሪዎች ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር በመሆን የሚከተሉትን በስብሰባ ላይ ቢያስረዱ ይጠቅማል፦

1ኛ/ ክዳኑ በብሎን የታሰረ ዕቃ መምረጥ፤ ብሎን የሌለውን በጠንካራ ፕላስተር መጠቅለል።

2ኛ/ አዲሱንም ያለቀውንም ድንጋይ ሁለቱን ፊቱን በፕላስተር ሸፍኖ፣ በተከደነ ቆርቆሮ ከፍ ብሎ ማስቀመጥ፤ በእሳት ውስጥ አለመጣል።

3ኛ/ የቀበሌው ባለ ሱቆች ድንጋዩን ልጅ ከሚደርስበት ቦታ እንዲያነሡ ማድረግ።

4ኛ/ በአስቸኳይ ጊዜ የትኛው መኪና እንደሚጠራና ወደየትኛው ሆስፒታል እንደሚኬድ ከወዲሁ መወሰን።

ይህን ለመፈጸም የሚያስፈልገው አንድ ጥቅል ፕላስተርና የአንድ ስብሰባ ጊዜ ነው። ወጪው ቀላል ነውና ለነገ ሊባል አይገባም።