በማይክሮስኮፕ የሚታየው ክብ ቦታ

እናቶች ሆይ! ልጃችሁን ሆዱን አሞት ጤና ጣቢያ ስትወስዱት ሰገራው ይመረመራል። «ምንም አልታየም» ቢሏችሁ ግን ሕመሙ ካልተወው ነገሩን እንዲያው አትተዉት። ምክንያቱን እንነግራችኋለን።

ማይክሮስኮፕ ማለት በዓይናችን የማናየውን ጥቃቅን ነገር አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው። በውስጡ ሲመለከቱ አንድ ብርሃናማ ክብ ቦታ ይታያል። ነገሩን 100 ጊዜ ሲያጎላው የክቡ ስፋት 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው። 400 ጊዜ ሲያጎላው ግን ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ይሆናል፤ ይኸውም ከአንዲት የጤፍ ፍሬ ያነሰ ነው። እንግዲህ ይበልጥ ባጎላ ቁጥር የሚያሳየው ቦታ እየጠበበ ይሄዳል።

ምስር በሰፌድ ዘርግታችሁ ጣታችሁን ክብ አድርጋችሁ በዚያ ቀዳዳ ብቻ ብታዩት፥ ጠጠር ባይታያችሁ «ምስሩ ንጹሕ ነው» ትላላችሁ? አትሉም እኮ! ሰፌዱን ከዳር እስከ ዳር ትለቅማላችሁ እንጂ። መርማሪውም እንደዚሁ ሰገራው ወይም ደሙ የተቀባበትን ትንሽ መስተዋት ጥቂት በጥቂት እያንቀሳቀሰ ይፈልጋል። ደም ሲመረምር «ወባ የለም» ከማለቱ በፊት ቢያንስ 100 ክብ ቦታዎችን ማየት ይገባዋል።

ዳሩ ግን ለምርመራ የሚቀባው ሰገራ በእንጨት ጫፍ የሚነሣ ጥቂት ነገር ነው። የትሉ እንቁላል ከዚያ ውስጥ ሳይገባ ሊቀር ይችላል። አንዳንዱ ተሐዋስም በየቀኑ ከሰገራ ጋር አይወጣም። ስለዚህ ሕመሙ ከቀጠለ ልጁን በሌላ ቀን መልሳችሁ ውሰዱት። ሰገራውን ሽንትና ውሃ ሳይነካው በንጹሕ ዕቃ ቶሎ አድርሱ፤ አሜባ ሲቆይ መንቀሳቀሱን ስለሚያቆም ለመለየት ያስቸግራል።

ማይክሮስኮፕ እንኳ ይህን ያህል ፍለጋ ካስፈለገው፥ ታዲያ ዓይናችን ብቻውን ምን ያያል? አንዲት እንስት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። ከእንቁላሎቹ 10 ቢደረደሩ 1 ሚሊሜትር እንኳ አይሞሉም። ንጹሕ መስሎ በሚታየን እጅ ላይ፥ በጥፍርም ሥር ሊኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ከመጸዳጃ ቤት ስትመለሱ፥ ሊጥ ከማቡካትና ልጅ ከማጉረስ በፊት እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ሳሙና ከሌለ በአመድ እሹት። የምንጭ ውሃም ጥርት ብሎ ቢታይ አፍልታችሁ ጠጡ።

አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም።