ያልተሣለውን የሚያይ ዓይን

የሰው ዓይን ከፊቱ ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ አጥርቶ አያይም። ጥርት ያለው እይታ የሚገኘው በሬቲና መካከል ካለች ጠባብ ስፍራ ብቻ ነው፤ የምትሸፍነውም ክንድ ሲዘረጋ የሚታየውን የአውራ ጣት ስፋት ያህል ነው። ስለዚህ ዓይን በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከቦታ ቦታ ይዘላል፤ የለቀመውንም ቁርጥራጭ አንጎል አገጣጥሞ ሙሉ ትዕይንት ያደርገዋል። የንድፍ ኃይል የሚመነጨው ከዚሁ የማገጣጠም ሥራ ነው። ምን ከምን ጋር እንደሚሄድ፣ የትኛው ከፊት የትኛው ከኋላ እንደሚቆም ለአንጎል የሚጠቁመው ንድፍ ነውና እንደ ጌጥ ብቻ መቁጠሩ ስሕተት ነው።

አንጎል የሚያየውን እንዴት እንደሚያገጣጥም ከሚያጠናው ከጌሽታልት ሥነ ልቦና መሥራቾች አንዱ የሆነው ማክስ ቬርትሃይመር እ.ኤ.አ. በ1923 ይህን በተራ ነጠብጣቦች አሳየ። ነጠብጣቦች ሁለት ሁለት ሆነው ሲቀራረቡ ተመልካች ሳያስብ ጥንድ አድርጎ ያያቸዋል፤ ርቀታቸው እኩል ሆኖ ቀለማቸው ሲለያይ ደግሞ በቀለማቸው ይቧድናቸዋል። የአማርኛ ጽሑፍም ለዚሁ ምስክር ነው። የብራና ጸሐፊዎች ቃላትን በሁለት ነጥብ ይለዩ ነበር፤ የዛሬው ኅትመት የሚተወው ባዶ ቦታ ብቻ ቢሆንም፣ የተጠጋጉት ፊደላት በራሳቸው ቃል ሆነው ስለሚታዩ አንባቢ አይደናገርም። ጸሐፊዎቹ የቅዱሳንን ስም በቀይ ቀለም ሲጽፉም በገጹ ላይ የተበተኑት ስሞች አንድ ወገን ሆነው ጎልተው ይታያሉ።

አንጎል ከመቧደን አልፎ የጎደለውን ይሞላል። ጣሊያናዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋኤታኖ ካኒዛ በ1955 ሦስት ጥቁር ክቦችን እንደተቆረሰ ድፎ ዳቦ ጎናቸውን ገምሶ ትይዩ አስቀመጣቸው። በመካከላቸው ከወረቀቱ ይልቅ የነጣ ሦስት ማዕዘን ይታያል፤ ጠርዙን ግን ማንም አላሰመረውም።

የአሣሣል ስልትም ዓይንን ይመራል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቃን በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን በልማድ በጎን፣ በአንድ ዓይን። የተመልካቹ ዓይን ዓይኑን ወደሚገጥመው ፊት ይሳባል።

ንድፍ ምን ያህል እንደሚያበራም እንደሚያሳስትም የለንደን የምድር ውስጥ ባቡር ካርታ ይመሰክራል። የኤሌክትሪክ ንድፍ ሠራተኛ የነበረው ሃሪ ቤክ በ1931 የነደፈው ካርታ መጀመሪያ ተቀባይነት አላገኘም ነበር፤ በ1933 ታትሞ ሲወጣ ግን ሕዝቡ ወደደው። ቤክ ጠመዝማዛውን መስመር ሁሉ አግድም፣ ቀጥ ያለና ሰያፍ አደረገ፤ የከተማውን መሀል አሰፋ፤ በጣቢያዎች መካከል ያለውንም ርቀት ተመጣጣኝ አደረገ። መንገደኛ ከየት ወደ የት እንደሚቀይር ወዲያው ያያል። ዋጋው ግን እውነተኛው ርቀት ነው፦ በሌስተር ስኩዌርና በኮቨንት ጋርደን ጣቢያዎች መካከል ያለው ከ300 ሜትር ያነሰ መንገድ በካርታው ላይ ለባቡር የሚበቃ ጉዞ ይመስላል። ከመሬት በላይ ካለችው ከተማ ቤክ በካርታው ላይ ያቆየው የቴምዝን ወንዝ ብቻ ነበር። በ2009 ወንዙ ከካርታው ሲወጣ ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ በዚያው ዓመትም ተመለሰ።